ተስፎም እስከ ዐሥር ሲቆጥር

ባሌ ተስፎም ችኮላ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እኔ ደግሞ እሳት ነኝ፤ ቤተሰቤም ጎረቤቴም ይመሰክርብኛል። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር፣ እኔ ሦስት ሥራ ጨርሼ አራተኛውን ስጀምር እሱ ገና የጫማውን ክር እያሰረ ነው። ዴንቨር መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሜንቴናንስ ነው የሚሠራው። አልዘጋ ያለ በር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ አልሞቅ ያለ ክፍል፣ ሁሉም የእሱ ነው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ ስለተማረ አማርኛው ከኔ ከደሴዋ ይጠራል። እኔ «መኪናውን ፓርክ አድርገው» ስል እሱ «አቆምኩት» ይላል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

የዛሬ ሁለት ዓመት ዴንቨር አጠገብ ሊትልተን ውስጥ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ዕቃ ይሸጣል ሲባል መሰላል ሊያይ ሄደ። ሲመለስ መሰላል የለም፤ ጋቢናው ውስጥ፣ እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ? የንብ ቀፎ ነው?»

«ካሜራ ነው።»

«ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክስ ምንድን ነው?»

የሣጥኑን ቀበቶ ይፈታ ጀመር። የተስፎም እጅ ሥራ ከጀመረ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እውነትም ካሜራ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው፣ ሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሳ። ከፊቱ የናስ ሌንስ፣ ከኋላው ምስሉ የሚያርፍበት ፈዛዛ መስታወት፣ በመሃል እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ቆዳ አለው። ተስፎም ቆዳውን ወናፍ ነው የሚለው፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ። ቁልፍ መጫን የለም። ሌንሱ ላይ ያለውን ክዳን በእጅህ ታነሳለህ፣ ትቆጥራለህ፣ መልሰህ ትከድናለህ፤ በቃ ፎቶ ተነሳ። ፊልሙም ጥቅል አይደለም። አንዱ ፊልም እንደ ደብተር ገጽ ሰፊ ነው፣ አንድ ገጽ አንድ ፎቶ።

ክረምቱን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ከረመ። ከሆቴሉ ሲመጣ እራቱን በልቶ ቁልቁል ወደ ቀፎው። እንጨቱን በዘይት አሸ፣ ናሱን በጨርቅ ወለወለ። መስታወቱ ተሰብሮ ስለነበር ሌላ ቆርጦ፣ ሁለት መስታወት መካከል የመስታወት መፍጫ ዱቄትና ውሃ አድርጎ እየዞረ ይፈጨው ጀመር። ሽው፣ ሽው፣ ሽው። በረዶው ውጭ ይወርዳል፣ ያ ድምፅ ከታች ይመጣል፤ ሶፋ ላይ ሆኜ ሳላውቀው እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ደግሞ እኔ በቀላሉ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሴት አይደለሁም።

አንድ ቀን «ጽጌ፣ ነይ እዪ» ብሎ ጠራኝ። ጋራዡን አጨልሞ ወናፉ ውስጥ አምፖል ከቶ አብርቶበታል። ቆዳው ለካ ወንፊት ሆኗል! በየእጥፋቱ ብርሃን እየሾለከ፣ ጣሪያው ላይ፣ መሰላሉ ላይ (ገዝቶ ነበር በመጨረሻ)፣ የኔም ደረት ላይ ነጠብጣብ ብርሃን ተረጨ። ልቆጣ ነበር የመጣሁት፤ ወጡን እሳት ላይ ትቼ ነው። ግን ቆምኩ። ተስፎም አምፖሉን ትንሽ ሲያንቀሳቅሰው ያ የነጠብጣብ ሰማይ ሁሉ አብሮ ይዞራል። ስንት ደቂቃ እንደቆምን እንጃ። ወጡ አረረ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጠመኔ እያመለከተ፣ ከአሮጌ የቆዳ ጓንቴ እየቆረጠ እስኪለጥፍ ሌላ ሁለት ወር ሄደ። ጓንቴን አላስፈቀደኝም።

አሁን ወደ ቤተሰቤ ነገር ልግባ፤ ያለሱ ይሄ ካሜራ ምንም አይደለም።

አባቴ አባባ ብርሃነመስቀል፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አውሮራ በአዛውንቶች አፓርታማ ነው የሚኖሩት። ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ሣህለማርያም ሊትልተን ከልጃቸው ጋር ናቸው። በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

የተጣሉት በመርዶ ነው። አባባ የመጀመሪያውን የልብ ቀዶ ጥገና ባደረጉ በሳምንቱ፣ ደሴ ያለችው እናታቸው፣ አያቴ፣ ዐረፈች። ስልኩ የመጣው ለጋሽ ሣህለማርያም ነው። ደንቡ ይታወቃል፤ መርዶ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ለታመመ ሰው ደግሞ እስኪበረታ ይቆይለታል። እናም ቆየ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ወር። አባባ «እማዬን አገናኙኝ» ባሉ ቁጥር ኔትወርክ የለም፣ ተኝታለች፣ ጠበል ሄዳለች እንላለን። መጨረሻ ላይ ምንም የማታውቅ አንዲት ምስኪን ሴት፣ አውሮራ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ፣ «ለእናትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለቻቸው። ጋሎን ወተት በእጃቸው እንደያዙ።

«ሁለት ወር ሙሉ እያሳቃችሁ ሥጋ አበላችሁኝ» አሉ አባባ። «እናቴን ፓርኪንግ ቆሜ ቀበርኳት። ማነው ደብቁት ያለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሣህለማርያም። «እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲያ አባባ ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌ ገባ፣ ቄስ ገባ፤ እምቢ። «ለቀብሬም እንዳይመጣ» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደብቁት ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሣህለማርያም በማግስቱ ሽማግሌ ይዘው ሊያረዱ መጥተው ነበር። በር ላይ ቆሜ «አባቴን ልትገድሉት ነው?» ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው የኔን ሸክም ሲሸከሙ እያየሁ አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። እኔ! ለወፍራም ቡና ሰው የምጣላው ሴትዮ!

ባለፈው ግንቦት ሐኪሞቹ የአባባ ልብ እንደገና መከፈት አለበት አሉ። ለማክሰኞ ቀን ተቆረጠ። አባባ ተስፎምን አስጠሩት።

«ያ የንብ ቀፎህ ይሠራል?»

«ይሠራል አባባ።»

«እንግዲያ አንሳኝ። ለልቅሶዬ የሚቆም ይሁን። ከሰው ሠርግ ላይ ተቆርጦ የወጣ፣ ጆሮዬ ሥር የማላውቀው ሰው ትከሻ የተለጠፈበት ፎቶ አልፈልግም። ስንቱን እንደዚያ አድርገው አለቀሱበት።»

ተስፎም «እሺ» ብሎ ወጣ። እኔ ግን እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። ማክሰኞ ሳይታረቁ ቢሞቱስ? ጋሽ ሣህለማርያም በሰማንያ አራት ዓመታቸው የወንድማቸውን ልቅሶ ከአጥር ውጭ ሊሰሙ ነው? በኔ ጦስ? እናም ለማንም ሳልናገር፣ ለተስፎምም ሳልናገር፣ ደወልኩላቸው። «ቅዳሜ ጠዋት ሞንትቤሎ እኛ ቤት ይምጡ» አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፎም የጋራዡን በር ከፍቶ አፉ ላይ ወንበር አኖረ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ ስለሆነች ጥላው ለስላሳ ነው። ካሜራውን በሦስት እግሩ ውጭ ኮንክሪቱ ላይ አቆመው። አባባ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ተስፎም ለአያቴ ሐዘን የለበስኩትን ጥቁር ነጠላ ከራሱ እስከ ካሜራው ተከናንቦ ውስጥ ገባ። ቀረ እዚያው። አምስት ደቂቃ! እኔ መንገዱን መንገዱን አያለሁ።

«ነይ ተመልከቺ» አለኝ ከውስጥ።

ገባሁ። የዓለም ድምፅ ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ። ጨለማው ውስጥ መስታወቱ ብቻ ያበራል፤ እዚያ ላይ አባባ ተዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እግራቸው ወደ ላይ፣ ባርኔጣቸው ወደ ታች፣ ግን አይወድቁም። ትንንሽ ሆነው፣ ጺማቸው አንድ በአንድ እየታየ፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። ያ የተከፈተ የተሰፋ ልብ እዚያ ውስጥ አለ። እጄን ሰድጄ ልደግፋቸው ቃጣኝ። ከነጠላው ውስጥ መውጣት አልፈለግኩም።

«ለምን ተገለበጡ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ብርሃን ሲገባ እንዲህ ነው። ዓይናችን ውስጥም ተገልብጦ ነው የሚገባው፤ የሚያቃናው ጭንቅላታችን ነው» አለኝ። የመምህር ልጅ አይደል!

ፊልም የቀረው ሁለት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ላይ፣ ተስፎም ሰባት ሲል፣ አባባ «ጨረስክ?» ብለው አበላሹት። «እስከ ዐሥር አይናገሩ፣ አይነቃነቁ» አላቸው። ሌላውን ፊልም ከካሜራው ኋላ አስገባና ክዳኑን አነሳ።

«አንድ።»

አባባ ድንጋይ ሆኑ።

«ሁለት። ሦስት።»

መንገድ ላይ የመኪና በር ተዘጋ። የከዘራ ድምፅ ኮንክሪቱ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

«አራት።»

ጋሽ ሣህለማርያም ከካሜራው ጎን ብቅ አሉ። ከስተዋል፣ ጎብጠዋል፤ ነጭ ጋቢ በኮታቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

ታላቅ ሲመጣ ታናሽ ተቀምጦ አይቆይም። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም፤ ከነወተቱ ነው የጠጣነው። አባባ ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የትም ሲገቡ የሚነሳው ሌላው ሰው ነው። ከቄስ በቀር በመላው ኮሎራዶ እሳቸው የሚነሱለት ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው።

«አምስት» ሲል አባባ ተነሱ። ሳያስቡት፣ ጉልበታቸው ቀድሟቸው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኖር!» አሉ።

«በእግዜር» አሉ ጋሽ ሣህለማርያም።

«ስድስት» አለ ተስፎም። አልከደነውም! ያ ሰው ያን ሁሉ እያየ መቁጠሩን ቀጠለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመው ተያዩ። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፣ ማንም ቀና አላለም። «ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።» እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ዓመት የፈጀ መሰለኝ። «ዐሥር» ብሎ ክዳኑን ገጠመ።

ያኔ አባባ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ሆኑ። ባርኔጣቸውን ደፉ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ማነው የጠራው?»

«ብርሃኔ…» አሉ ጋሽ ሣህለማርያም።

«ጽጌረዳ! ወደ ቤቴ ውሰጂኝ።»

ጋሽ ሣህለማርያም አንገታቸውን ደፉ። «ይሁን። በእግርህ ቆመህ አየሁህ፤ ይበቃኛል» አሉና ከዘራቸውን አዙረው ልጃቸው ወደሚጠብቃቸው መኪና ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አውሮራ በራቸው ላይ ስንደርስ «አልተነሳሁለትም። ወገቤን ቆርጥሞኝ ነው» አሉኝ።

ቤት ስመለስ ተስፎም ሻወር ቤት ገብቶ ፊልሙን እያጠበ ነው። በሩን በፎጣ፣ መስኮቱን በካርቶን ደፍኖታል፤ ትንሽ ብርሃን ከገባ ፊልሙ ይቃጠላል። ከውስጥ ውሃው በዝግታ ሲንሸራሸር ይሰማኛል። ኮሪደሩ ላይ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩና ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

«ተስፎም።»

«አቤት።»

«ያኔ መርዶውን ያስደበቅኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሣህለማርያም አይደሉም።»

ውሃው አልቆመም። የሰማኝም አልመሰለኝም። ሁሉንም ነገርኩት፤ በሩ ላይ እንዴት እንደመለስኳቸው፣ በየፋሲካው አባባ ሲጾሙም ሲገድፉም ወንድም አልባ ሲቀመጡ እንዴት ዓይናቸውን ማየት እንደሚያቅተኝ። እሱ ከበሩ ወዲያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ስላልታየኝ ነው መሰል ቃሉ አልከበደኝም። አልቅሼ ጨረስኩ።

«ሰማሁሽ» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ደቂቃ ይቀረኛል፤ ከዚያ በፊት መክፈት አልችልም።»

«ዕድሜ ልክህን እንደዚሁ ነህ!» ብዬ በሩን በክርኔ መታሁት።

ሦስት ደቂቃው ሲሞላ ወጣ፤ እጁ እየተንጠባጠበ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «ለኔ አይደለም መናገር ያለብሽ» አለኝ። አልፈረደብኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፎቶውን ወረቀት ላይ አወጣው። ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ሁለት አባባ አሉ፤ ግማሹን ቁጥር ተቀምጠው፣ ግማሹን ቆመው ነበራ። አንደኛው ተቀምጠዋል፤ እንደ ጭስ ስስ ናቸው፣ የወንበሩ መደገፊያ በደረታቸው ውስጥ ይታያል። ሁለተኛው ከዚያው ከተቀመጡት ውስጥ ወጥተው ቆመዋል፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው፣ በትከሻቸው ውስጥ የተስፎም መሰላል ይታያል። የሁለተኛው ፊት ግን ጥርት ያለ ነው። ያን ፊት አላውቀውም። ንዴት ገና አልደረሰበትም። ታላቅ ወንድሙ ከሩቅ አገር የመጣለት የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ነው።

«ለዚህ ነው ያልከደንከው?»

«መቁጠር ጀምሬ ነበር» አለኝ። ወይ ተስፎም!

ያንኑ ዕለት አባባ ጋ ወሰድኩት። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

«ተበላሽቷል» አሉ። ግን አላስቀመጡትም። ጣታቸውን በዚያ በቆሙት ፊት ላይ አሳለፉ።

«እንዲህ ነው እሱን ያየሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። «አባባ፣ እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። በማግስቱ ሊያረዱዎት መጥተው በር ላይ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»

አባባ ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም፤ ያ ባሰብኝ። ፎቶውን እንደያዙ ከላይ ተመለከቱኝ፤ እንደማያውቁኝ ሴት ነው የተመለከቱኝ።

«አንቺ» አሉ። «በየቀኑ መድኃኒቴን እየሰጠሽኝ?»

«አዎ።»

«እሱስ? ለምን ዝም አለ?»

«አይናገሩ ብዬ ለምኛቸው አይደለም። እሳቸው ናቸው ያሉት። ‹ከወንድሙ ቢጣላ ይሻለዋል፤ እኔ አላጥበውም፣ አላበላውም። ከልጁ ከተጣላ ግን ማን አለው?› አሉኝ። ተስማማሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ ደካማ ነኝ።»

ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲባል እሰማ ነበር፤ የጋሽ ሣህለማርያም ሆድ ስንት ይሆን? አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያወራ ይሰማኛል። ከጉልበቴ አልተነሳሁም፤ ተነሽም አላሉኝም። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ወደ ተራሮቹ ወረደ።

«ንገሪው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ነገ ጎህ ሲቀድ ይምጣ። እንደ ደንቡ ሰው ይዞ ይምጣ። ያኔ ያላረዳኝን ያርዳኝ።»

ሰኞ ገና ሰማዩ ግራጫ ሳለ፣ ጋሽ ሣህለማርያም ነጭ ጋቢያቸውን አደግድገው መጡ። ተስፎምና አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸዋል። አንኳኩ። ከፈትኩ። ዛሬ በር ላይ አልቆምኩም፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሳለፍኳቸው።

አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን አልተኙም። ለምን እንደመጡ እንደማያውቅ ሰው «ደህና ናችሁ? ምነው በማለዳ?» አሉ።

ጋሽ ሣህለማርያም ከፊታቸው ቆሙ። ከዘራቸውን ለተስፎም ሰጡት። አሥራ አንድ ዓመት አፋቸው ውስጥ የያዙት ነገር አሁን አልወጣ አላቸው፤ ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት።

«ብርሃኔ» አሉ። «በርታ ወንድሜ። እማዬ ዐርፋለች።»

«መቼ?» አሉ አባባ።

«ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ። ሳትሠቃይ።»

«ምን አለች?»

አሥራ አንድ ዓመት ይህን የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። አልጠየቁም፤ ከወንድሜ አፍ አልሰማም ብለው ነበራ! እኔም ራሴ አላውቀውም ነበር።

«አፏ መያዝ ሲጀምር» አሉ ጋሽ ሣህለማርያም፣ «አጠገቧ ያሉት ነው የነገሩኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ‹ብርሃኔ እህል ቀመሰ? ተሻለው?› አለች። ተሽሎታል፣ በልቷል አሏት። ‹እንግዲያስ ደህና› ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ በዚያው አለፈች።»

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ «እማዬ!» ብለው ጮኹ፤ ጋሽ ሣህለማርያም ወድቀው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ፤ ሁለቱም እየተወዛወዙ፣ ልክ ዛሬ እንደሞተችባቸው አለቀሱላት። እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ከነሱ እኩል ጮህኩ።